ሞተሩ ሲጠፋ የተሰማው ዘፈን

ጆሯችሁን ከስልካችሁ ንቀሉና ይቺን ስሙኝ። ረዘም ትላለች፤ መሃል ላይ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ። እኔ መጻፍ የለመድሁ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የጣልሁት። ፊደል ከሳትሁ ፊደሉን ተዉትና ነገሩን ያዙልኝ።

ይርጋ እባላለሁ። ከጎንደር ደባርቅ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። በር ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ሰው እጠራለሁ፣ ጆንያ ጣራ ላይ እጭናለሁ፣ ከሁሉም ጋር እጨቃጨቃለሁ። ምላሴን በመስመሩ የማያውቅ የለም። አንድ የሰደበኝ ተሳፋሪ ሦስት ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ሹፌሬ ደርቤ «አንተ እኮ ተኝተህም ትሳደባለህ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ይሄ ሁሉ ምላስ አንድ ነገር ላይ ሲደርስ ይቆለፍ ነበር። ያን ነገር ለደርቤም፣ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እስከዚያች የመስከረም ቀን ድረስ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ።

የተወለድሁት ከዳባት በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ጎንደር አምጥቶ ለታላቅ ወንድሙ ሰጠኝ። አያ ጫኔ ነው የምንለው። መስሪያ ቤት የሚሰራ፣ የብሎኬት ቤት ያለው፣ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ፣ የተከበረ ሰው ነው። «ልጁን ስጠኝ፤ ከተማ ይማርልህ» አለው፤ አባቴም እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ታዲያ በኛ አገር ልጅ ለዘመድ ወይ ለመምህር ሲሰጥ የሚባል ነገር አለ፤ ታውቁታላችሁ። አባቴም የአያ ጫኔ ደጅ ላይ ቆሞ እጄን አስያዘውና አለው፦

«ዓይኑን ብቻ ተውልኝ። ሌላው ያንተ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሲስቁ አይቼ ሳቅሁ። ዓይኑን አታጥፋብኝ እንጂ እንደፈለግህ ቅጣው ማለት ነው። አባቴ ክፉ ሆኖ አይደለም። አደራ ሲሰጥ የሚባለው እሱ ነው፤ እሱም በልጅነቱ ለየኔታ ሲሰጥ ይሄው ተብሎበታል።

እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ኖርሁ። የሆንሁትን ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ፤ ለአሁን አንዲት ነገር ብቻ ያዙልኝ። አያ ጫኔ ከሥራ ሲመጣ፣ በሩን ከመክፈቱ በፊት፣ ጫማውን ደረጃው ድንጋይ ላይ ሁለቴ ይጠርጋል። ሸርተት፣ ሸርተት። ያቺን ስሰማ እጄ ላይ ያለው ነገር ይወድቅ ነበር። ብርጭቆ ከሆነ መሰበሩ ነው። ከተሰበረ ደግሞ ለዚያ ቀን ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ጠፋሁ። መናኸሪያ ገባሁ፣ ማኪና ሳጥብ ከረምሁ፣ ኋላ ደርቤ አገኘኝ። አያ ጫኔ ለአባቴ «ልጅህ ሰርቆኝ ጠፋ፤ ዱርዬ ሆነ» ብሎ ላከበት። አባቴም አመነ። ታላቅ ወንድሙ ነዋ! አንድ ጊዜ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ «ደባርቅ! ዳባት!» ስል ቆሞ አየኝ። ጠጋ አለና «አሳፈርኸኝ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለዓመት በዓል ስሄድ ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ በቃ። እኔም አልነገርሁትም። የት ብዬ ልጀምረው? ደግሞስ ሌባ የተባለ ሰው ምን ቢል ይታመናል?

አሁን ወደ ቀኑ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። መስከረም፣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው። ከደባርቅ ተነስተን ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ዳባት ደረስን። በሩን ከፍቼ «ጎንደር የቀረ! ሁለት ሰው!» እያልሁ ስጮህ፣ ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰው ተነሳ። አባቴ ነው። እጁን ይዛ ደግሞ ትርንጎ ቆማለች፤ የመጨረሻዋ እህቴ። ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ ቅባቱ ግንባሯ ላይ ወርዷል፣ አዲስ ጫማ አድርጋለች፣ አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

ስታየኝ እየሮጠች መጣች። አያ ይርጋ፣ አያ ይርጋ እያለች። ማኪናዬ ላይ በመሳፈሯ ሰማይ የወጣች ነው የመሰላት። እኔም ደስ አለኝ፤ አነሳኋትና አስገባኋት፤ ከበሩ አጠገብ፣ ከኔ ፊት ለፊት አስቀመጥኋት። አባቴ «እንዴት ሰነበትህ» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። ደህና ነኝ አልሁት። ሐኪም ቤት ሊወስዳት ነው ብዬ ነው የገመትሁት። በሩን ዘግቼ ማኪናው ሲነሳ ነው የጠየቅሁት።

«አያ ጫኔ ዘንድ ነው የምወስዳት» አለኝ። «መናኸሪያ ይጠብቀናል። ከተማ ትማርልኝ።»

ቀጥሎም ቀስ ብሎ «አንተ ባትሆንልኝ እሷ ትሁንልኝ እንጂ» አለ።

ያኔ ምላሴ የት ሄደ? እስቲ ፈልጉልኝ። ለትራፊክ መልስ የማያጣው፣ ለሰካራም መልስ የማያጣው ምላስ እንደ ቆዳ ደረቀ። ከዳባት ጎንደር በደህና ቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለት ሰዓት አለኝ አልሁ በልቤ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ እነግረዋለሁ አልሁ። አምባ ጊዮርጊስ ደረስን፤ ሰው አወረድሁ፣ ሰው ጫንሁ፣ አልነገርሁትም። ትርንጎ ከተማ ምን እንዳለ ትጠይቀኛለች፤ ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው ወይ፣ ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው ወይ፣ አያ ጫኔ ሸጋ ሰው ነው ወይ። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ቴፑ እየዘፈነ ነው። ዘፈን ማስጫን የኔ ሥራ ነው፤ በየወሩ ፒያሳ ካለ ዘፈን ቤት ፍላሹን ሰጥቼ አዲስ አዲሱን አስጭናለሁ። በዚያ ወር አንዲት ወጣት ልጅ የዘፈነችው ዘፈን አገር ምድሩን ይዞት ነበር። ምቱ የሚያስጨበጭብ ነው፣ ትከሻ ይነቀንቃል፤ ሰርግ ላይ እሱ ነው፣ ቡና ቤት እሱ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ እሱ ነው። እኔም በቀን አሥር ጊዜ አስከፍተው ነበር። ግን ግጥሙን ሰምቼው አላውቅም። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የኛ ማኪና ማርሚታ፣ ድምፅ የሚያፍነው ጭስ ማውጫ፣ ተቀዶ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ወፍጮ ቤት ገባችሁ ማለት ነው። የሚሰማው ምቱ ብቻ ነው። እኔ የፍቅር ዘፈን ነው ብዬ ነበር።

ኮሶዬ ጋ ስንደርስ ጉሙ ወረደብን። አምስት እርምጃ ፊት አይታይም። ደርቤ መብራት አብርቶ እንደ ኤሊ ሲሄድ ድንገት ፍሬን ያዘ። ድንች የጫነ የጭነት ማኪና ኩርባው ላይ ጎማው ፈንድቶ መንገዱን በአግድም ዘግቶታል። ከወዲህም ከወዲያም ማኪና ተሰልፏል። ጎማው እስኪቀየር ሰዓት ነው አሉን። ቤንዚን እንደልብ አይገኝም፤ ደርቤ ሞተሩን አጠፋ።

ወፍጮው ዝም ሲል ቴፑ ቀረ።

ያው ዘፈን ነበር። ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አያ ታከለ የሚባሉ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው፣ እንደለመዱት ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ኋላ ያሉ ልጆች ያጨበጭባሉ። ድምጿ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ወጣ፦

«እግሩን አውቀዋለሁ፣ በሩን ሳይነካ፤
የልቤ ድምፅ ነበር፣ ሲያንኳኳ ለካ።»

የፍቅር ዘፈን አይደለም። ልጅ ናት የምታወራው። አልጋ ሥር የገባች ልጅ፤ የሰውዬውን እርምጃ ትቆጥራለች፣ እጁ ላይ ምን እንደያዘ ከኮቴው ትለያለች፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍ ሲያደርግ ትሰማለች። ጭብጨባው አንድ በአንድ ጠፋ። የአያ ታከለ ትከሻ ቆመ። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት «ውይ፣ ስለዚህ ነው እንዴ የምንጨፍረው» አለች።

አያ ታከለ ዝምታው ከበዳቸው መሰለኝ። ሳቅ ብለው «ምቱ ሸጋ ነው፤ ነገሩ ግን የዛሬ ልጅ ማሞላቀቅ ነው። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» አሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀላቸው። ሁላችንም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው፣ እከሌ እንዲህ አድርጎኝ ነበር፣ እከሌ በዚህ መትቶኝ ነበር፤ ወሬው ሞቀ። እንደ ጨዋታ።

ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ዘፈኑን ከኔ በላይ ሰምታዋለች። አባቴን ጎተት አደረገችና ጠየቀችው።

«አባዬ፣ አያ ጫኔም ይመታል?»

«ካጠፋሽማ ይመታሻል እንጂ፣ ምነው?» አላት አባቴ። ጸጉሯን ዳበሰላት። «አይዞሽ። በስልክ አደራ ብዬዋለሁ፤ ዓይኗን ብቻ ተውልኝ ብዬዋለሁ።»

እኔን አየችኝ። ፈገግ ብዬ እንዳበረታታት ነው የምትጠብቀው። አይ ያ ፊት! እኔ ያን ቀን ደጁ ላይ ቆሜ የሳቅሁት ሳቅ እሷ ፊት ላይ ሊመጣ ሲል አየሁት።

ለደርቤ «መልሰው» አልሁት።

«ምኑን?»

«ዘፈኑን። ከመጀመሪያው መልሰው።»

ደርቤ በመስታወቱ አየኝ። ሊቀልድብኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው። መለሰው። እግሩን አውቀዋለሁ የምትለው ላይ ስትደርስ በሩን ከፍቼ ዘለልሁ። ጉሙ ውስጥ ገብቼ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ ተክዬ፣ እንደ ሸክም ከብት አለከልካለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ ጠራሁት።

«አባዬ፣ ውረድ። ብቻህን።»

ወረደ። ጋቢውን አጣፍቶ መጣ። የማኪናው መብራት በጉሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ሰዎቹ አይታዩም። ምን ሆንህ አለኝ። ቃል አልመጣልኝም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሱሪዬን ወደ ላይ ጠቀለልሁና ጉልበቴን አሳየሁት።

ጉልበቴ ላይ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ታውቃላችሁ፤ ቆርኪ። ጥርሱን ወደ ላይ አድርገህ መሬት ላይ ትደረድረዋለህ፤ ልጁን ባዶ ጉልበቱን ታንበረክከዋለህ፤ ራት በልተህ እስክትጨርስ እዚያው ነው። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። ሲያመረቅዝ፣ ሲድን፣ ደግሞ ሲከፈት፣ ክብ ክብ ጠባሳ ይሆናል። ሁለቱም ጉልበቴ ላይ አለ።

አባቴ ጎንበስ አለ። በጣቱ ነካው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆርኪ ነው። የአያ ጫኔ ቆርኪ።»

ከዚያ በኋላ ወረደልኝ። እንደ ጎርፍ። የቀበቶውን ነገርሁት። ብርጭቆ የሰበርሁ ቀን የሆንሁትን ነገርሁት። ሰረቀኝ ያለው ለሦስት ቀን ምግብ ከልክሎኝ ከድስት የቀመስሁትን ወጥ መሆኑን ነገርሁት። ጫማውን ሁለቴ የሚጠርገውን ነገርሁት። አባቴ ቆሞ ይሰማል፤ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። «ሰው እኮ ይቀጣል» አለ አንድ ጊዜ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። አያምነኝም አልሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ላወጣው አልፈለግሁም ነበር።

«በርበሬም አጥኖኛል» አልሁት። «ጭንቅላቴን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቶ። ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርሁም። ታዲያ ከማጠኑ በፊት ሁልጊዜ ዓይኔን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ ያስርልኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? 'አባትህ አደራ ብሎኛል' ይለኝ ነበር።»

አባቴ ቀና አለ።

«ዓይኔማ ደህና ነው» አልሁት። «አደራህን ጠብቆልሃል።»

እዚያ ላይ ነው አንድ ነገር ሲሰበር ያየሁት። አላለቀሰም። ጋቢውን ወደ አፉ ወሰደ፤ ጨርቁን በጥርሱ ነከሰ። ዞሮ ወደ ገደሉ በኩል ሄደ፤ ጉሙ ዋጠው።

ቆምሁ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ኮሶዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከመንገዱ ወዲያ ገደሉ ቅርብ ነው። «አባዬ» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። እግሬን እየጎተትሁ ጥቂት ገባሁ፤ ጀርባውን አየሁት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ልነካው አልደፈርሁም። ተመለስሁ።

የጭነት ማኪናው ጎማ ተቀየረ። ማኪናው ሁሉ ሞተር አስነሳ፣ ጥሩንባ በጥሩንባ ሆነ። ደርቤ ሰው አሟላ አለኝ። አንድ ሰው ይቀራል አልሁት። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አያ ታከለ ቤተ ዘመድ የሚጠብቃቸው መሆኑን ነገሩን። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። አባቴ ከጉሙ ወጣ፤ ፊቱን በጤዛ ታጥቧል፤ ገብቶ ትርንጎ አጠገብ ቁጭ አለ።

«ታዲያ?» አልሁት ዝቅ ብዬ።

«ንዳ በለው» አለኝ።

ይኸው ነው። ንዳ በለው። ማኪናው ፊቱን ወደ ጎንደር አድርጎ ቁልቁል ወረደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ መናኸሪያ ስንደርስ ልጅቱን ነጥቄ እሮጣለሁ። በየት በር እንደምወጣ፣ የማን ባጃጅ ውስጥ እንደምገባ ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልኬን እጣላለሁ፤ ግድ የለም።

ትርንጎ እያዜመች ነው። ልጅ አይደለች፣ ሁለቴ ሰምታ ይዛዋለች። ማርሚታው እየጮኸ ስለሆነ ለኔ አይሰማኝም፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ነው የማየው። አባቴ ግን ጆሮውን ወደ አፏ አቅርቦ የሆነ ነገር ጠየቃት። ደገመችለት። እንደገና ጠየቃት። ሦስተኛ ደገመችለት። ሳየው ከንፈሩ አብሯት ይንቀሳቀሳል። አባቴ፣ ዘፈን የሰነፍ ነው የሚል ሰው፣ ግጥም እያጠና ነው።

መናኸሪያ ገባን። ደርቤ ሞተሩን አጠፋ። በሩን ከመክፈቴ በፊት ከውጭ፣ ከጠጠሩ ላይ፣ ሰማሁት።

ሸርተት። ሸርተት።

እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ኩንታል ብቻዬን ጣራ ላይ አወጣለሁ። የበሩ እጀታ ከእጄ አመለጠ። አባቴ አየኝ። ድምፁንም ሰምቶታል፤ ኮሶዬ ላይ ነግሬዋለሁ። ፊቴን አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ እጁን በኔ እጅ ላይ አሳልፎ በሩን ራሱ ከፈተው።

አያ ጫኔ ኮት ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ እየሳቀ ቆሟል። ወንድማማቾቹ ተሳሳሙ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። አያ ጫኔ ጎንበስ ብሎ ትርንጎን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። አባቴ መሃል ገባ። በጨዋ ደንብ ነው የገባው፤ መንገድ እንደሚያልፍ ሰው።

«አያ ጫኔ፣ እንመለሳለን» አለው።

«ምነው? ምን ነካችሁ? ክፍሏን አዘጋጅቼ፣ ትምህርት ቤት አናግሬ!»

«እግዜር ይስጥልኝ። እዚያው ትማራለች።»

አያ ጫኔ በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። «ይሄ ዱርዬ ምን ነግሮህ ነው?» አለ።

አባቴ ዞሮ አላየኝም። ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

«የነገረኝ የለም» አለው። «ዘፈን ሰምቼ ነው።»

አያ ጫኔ ሊስቅ ነበር። አባቴ ግን ቀጠለ፤ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው።

«ይርጋን ስሰጥህ ዓይኑን ብቻ ተውልኝ ብዬህ ነበር። ትተህልኛል፤ አይቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔም ነው አያ ጫኔ፣ የለመንሁህ አነሰ። ጉልበቱንም፣ ጀርባውንም፣ እንቅልፉንም ልለምንህ ይገባኝ ነበር።»

አያ ጫኔ ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው፣ ለሱ ብዬ ነው፣ ሰው አደርገው ብዬ ነው ማለት ጀመረ። አባቴ ሰምቶ እስኪጨርስ ጠበቀው። ታላቁ ነው፣ አላቋረጠውም። ሲጨርስ «ደህና ዋል» አለውና ትርንጎን በእጇ ይዞ ወደ ማኪናችን ተመለሰ። ያ የከበረ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ቆሞ ቀረ። አሁን ብሰድበው ማን ይከለክለኛል? ስድቡ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለስድስት ዓመት ስስለው የኖርሁት። እመኑኝ፣ አንዱንም አልፈለግሁትም። ሳል ሲለቅ ደረት እንዴት እንደሚቀል ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተራችን ደርሶ ወደ ደባርቅ ስንመለስ ሁለቱም አብረውኝ ናቸው። ትርንጎ ለምን እንደተመለሰች ገና አልገባትም፤ ቴሌቪዥኑ ቀረባት፤ ትንሽ አኩርፋለች። አባቴ ና ተቀመጥ አለኝ፤ ታጣፊዋን ወንበር ዘርግቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሱሪዬ ጠዋት እንደጠቀለልሁት አንዱ እግሬ ላይ ቀርቶ ኖሮ፣ ጎንበስ አለና እንደ ሕፃን ልጅ አወረደልኝ። አስተካከለልኝ። ኮሶዬን ስናልፍ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥቶ ነበር፤ አባቴ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። እኔ በሩን መክፈት ቢኖርብኝም አልተነሳሁም። ደርቤም አልጠራኝም፤ የሚወርድ ሲኖር ራሱ ወርዶ ከፈተላቸው።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ትርንጎ እዚያው ቀበሌያችን ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ የሚነካት የለም፣ እንደ እኔ ተሳዳቢ እየሆነች ነው። አባቴ ማኅበር ላይ ተነስቶ፣ ጠላው ሳይቀዳ፣ «ልጅ ለጫኔ አትስጡ፤ ለማንም ስትሰጡ ደግሞ እንደኔ አትናገሩ» አለ ብለው ነገሩኝ። ከባድ ነው፤ የገዛ ወንድሙ ነው። አንዳንዱ ዘመድ አሁንም ከአባቴ ጋር ኩርፊያ ላይ ነው።

እኔ አሁንም ረዳት ነኝ። የተለወጠው ምኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። እተኛለሁ፤ እሱ ነው የተለወጠው። ብርጭቆ ከእጄ አይወድቅም። ከኋላዬ ጫማ ሲንሸራተት አሁንም ዞር እላለሁ፤ ግን ዞሬ አይቼ እመለሳለሁ። ዘፈን መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያን ዘፈን መቶ ጊዜ አስከፍቼ መቶ ጊዜ ሳልሰማው አልፌዋለሁ። የጎደለው ሞተሩን የሚያጠፋ ሰው ነበር። ደርቤ በዚያው ሳምንት ማርሚታውን አሠራው። ለምን አሠራኸው ብለው ሲጠይቁት «ግጥም ይሰማ ብዬ» ይላቸዋል፤ ይስቃሉ።

ሰርግ ላይ አሁንም ይጨፈርበታል። ያን ሳይ ደሜ ይፈላል፤ አልደብቃችሁም። ግን አንዳንዴ ከጨፋሪዎቹ መሃል አንዱ ድንገት እጁን ሲያወርድና ጥግ ይዞ ሲቆም አየዋለሁ። እሱን አውቀዋለሁ። ስሙን ባላውቀውም አውቀዋለሁ። ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ።

አንተ ጉልበትህን ሸፍነህ የምትሄደው፣ የምትነግረው ሰው ካጣህ ጉልበትህን አሳየው። ቃሉ ኋላ ይመጣል።

እናንተ ደግሞ፣ ልጅ ሰጪዎችም ተቀባዮችም፣ በየደጁ ቆማችሁ እጅ እያስያዛችሁ የምትሳሳቁት፤ ተሳዳቢ ነው በሉኝ፣ ዱርዬ ነው በሉኝ፣ ግን ይቺን ብቻ መልሱልኝ። የእናንተ ዓይኑ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ልጅ የማን ነው?